ለእናቴ ቃሬዛ ለነፈጉት ለክቡር የቅሬ ዳኛችን

ለተከበሩ የቅሬያችን ዳኛ፣ ለአያ አራጌ
ጎብዬ አጠገብ፣ ጋቢዎን ለብሰው ከሚቀመጡበት

ክቡር ሆይ፣

ሰላምታዬ ከነሙሉ አክብሮቴ ይድረስዎ። እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ከብትዎ፣ የማሽላ ማሳዎ፣ ይልቁንም ጉድፍ የማይነካው ክብርዎ እንዴት ናቸው? እኛ ከሞተችው እናቴ በቀር ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

እርስዎ ያውቁኛል፤ ይህን ደብዳቤ በየሱቁ በር ላይ ተለጥፎ አግኝቶ የሚያነብ መንገደኛ ግን አያውቀኝምና ስሜን ልናገር። ሰልዋ ሙህሲን እባላለሁ፣ ቆቦ የታሪክ መምህርት ነኝ። እናቴ ሸክላ ሠሪዋ ሀሊሜ ናት፤ ከሮቢት እስከ ዋጃ ድስቷ ወይም እንስራዋ ያልገባበት ማድቤት ማግኘት ይቸግራል።

የቀብር ዕድራችን፣ ቅሬያችን፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም በአንድ ቃሬዛ ተሸክሞ ወደ መቃብሩ የሚሸኝ መሆኑን እንግዳ በመጣ ቁጥር በኩራት ሲናገሩ ሰምቻለሁ። እውነትዎን ነው፤ እኛ ዘንድ ሰውን ከሰው የሚለየው ሃይማኖት ሳይሆን ጭቃ ነው። ስለዚሁ ጭቃ ያሉኝን ጥቂት ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ስለ መጠጫው። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ውሃው የሚቀመጠው እናቴ በሠራችው እንስራ ነው፤ ከእሱ እየተቀዳ ሲሰጥዎም ረክተው ይጠጣሉ። እናቴ ግን ከዚያው እንስራ በእጇ እንዳትቀዳ፣ ከድንኳኑ ውጭ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ኩባያ ተመድቦላት ነበር። ጭቃውን በእግሯ ረግጣ፣ ውስጡን በጣቷ አለስልሳ የሠራችው ዕቃ ለከንፈርዎ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ጣቷ እንዴት እንደሚያረክስዎ ሊያስረዱኝ ቢፈቅዱ፣ ለተማሪዎቼም አስተላልፍላቸው ነበር።

፪. ስለ ሻሿ። የልጅ ልጅዎ በተቅማጥ በደከመ ጊዜ የሀሊሜ ዓይን ነው ብለው ሁለት ጎረምሶች ወደ ቤታችን ላኩ። እናቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ማሰሮ ታለሰልስ ነበር። አንዱ ትከሻዋን ጨምድዶ ያዘ፣ ሌላው የሻሿን ጫፍ በምላጭ ቆርጦ ወሰደ፤ ጨርቁ ተቃጥሎ ሕፃኑ በጭሱ እንዲታጠን። እናቴ የተረፈውን ሻሽ በሸክላማ እጇ እያስተካከለች «ልጁ ግን እንዴት አደረ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሕፃኑን ያዳነው ከጤና ጣቢያ የተሰጠው በውሃ የሚበጠበጥ ኦ አር ኤስ ነው፤ ምስጋናውን ግን ለጭሱ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ የሚቃጠል ጨርቅ በሸተተኝ ቁጥር ወደ ላይ ይለኛል፤ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ እርስዎን ሳይም እንደዚያው ነው።

፫. ስለ ስብሰባው። አባቴ ሲሞት እናቴ በገዛ ስሟ የቅሬው አባል ልሁን ብላ ጠየቀች። ሴት በስሟ አትጻፍም፣ ወንድ ልጅ ታምጣ አሏት፤ ያላት ደግሞ እኔው ብቻ ነኝ። ስለዚህ ሾላው ሥር በተደረገው ጉባኤ ላይ ተነሥቼ፣ ሴቶች በስማቸው ይጻፉ፣ ድምፅም ይስጡ፣ የሸክላ ሠሪና የቀጥቃጭ ቤተሰብም ከሌላው ጋር አንድ ይሁን ብዬ ለመንኩ። ነገሩ በዓለም አዲስ እንዳልሆነ ለማስረዳት የህንድን ታሪክ ጀመርኩ፤ እርስዎ አቋረጡኝ።

«እዚያ አገር ምን ሆኑ ነው የምትይው?»

«የቡድሃን መንገድ ተከተሉ።»

«ሰማችሁ ወገኖቼ? ቡዳ መሆኗን በገዛ አፏ ተናገረች!»

ጉባኤው ሳቀ። እናቴ ከሴቶቹ ኋላ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ አቀረቀረች። ለተጫዋችነትዎ አመሰግናለሁ።

ያላስጨረሱኝን እዚህ ልጨርሰው። በህንድ አገር በመወለዳቸው ብቻ ርኩሳን የተባሉ፣ ከጉድጓድ ውሃ እንዳይቀዱ የተከለከሉ ሰዎች ነበሩ፤ ሴቶቻቸው ደግሞ በዕጥፍ ተዋረዱ። ከእነሱ ብዙዎቹ፣ ሰው የሚከብረውም የሚዋረደውም በሥራው እንጂ በዘሩ አይደለም የሚለውን የቡድሃን ትምህርት ተቀበሉ። የአገሪቱም ሕግ ሰውን «ርኩስ ነው፣ አይነካም» ብሎ ማግለልን ወንጀል አደረገ፤ ሴቱም ወንዱም እኩል ድምፅ እንዲኖረው ደነገገ። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ የእርስዎ ዓይነት ዳኞች ዛሬም እዚያ አይጠፉም። ቡድሃም ቢሆን ሴቶች እንደ ወንዶቹ መንኩሰው ይከተሉኝ ዘንድ አልፈቅድም ብሎ ነበር ይባላል፤ ደጋግመው ሲለምኑት ግን ሐሳቡን ለወጠ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሃይማኖቴንም አልቀየርኩም፤ የቀናሁት ለዚያ ሐሳቡን መለወጥ ለሚችል ሰው ነው።

ከሳቁ በኋላ ለወጉ ያህል ድምፅ አሰጡ። ሴቶች እጅ እንዳያወጡ፣ የሸክላ ሠሪና የቀጥቃጭ ወንዶች እጅም እንዳይቆጠር አዘዙ፤ ቀጥሎም ሐሳቤ «በሙሉ ድምፅ» ውድቅ ሆነ አሉ። ዴሞክራሲን እንዲህ አሳጥሮ ያስተማረኝ ሰው አላጋጠመኝም።

፬. ስለ ቃሬዛው። እናቴ በገበያ ቀን ማለዳ ወደ አኺራ ሄደች። ስናጥባት ከጥፍሯ ሥር ያለው ሸክላ አልለቅ አለን። ቃሬዛ ልለምን ደጅዎ መጣሁ፤ ተሰብሯል፣ እየተጠገነ ነው አሉኝ። ከኋላዎ ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ ደህና ሆኖ፣ አየሁት። እርስዎም ማየቴን አዩ፤ ዓይንዎን እንኳ አልሰበሩም። በዚያች ቅጽበት አልተናደድኩም፤ ተጸየፍኩዎት።

ስመለስ ጎረቤታችን ራቢዓ ነገሩን ከፊቴ አነበበች። «ሬሳ ደጅ አይውልም! የእኔን ጠፍር አልጋ አውጡ!» አለች። ሸክላ ሠሪዋም ገበሬዋም፣ ባለ መስቀሏም ባለ ሒጃቧም በአንድነት አነሣናት። በአስፋልቱ ዳር ስንሄድ አውቶብሶች ፍጥነታቸውን እየቀነሱ አለፉን፤ ወንዶች በየበረንዳው ቆመው አዩን። መቃብሩ ጋ ይጠብቁን የነበሩት ሼህ ሙሀመድሰይድ ወደ እኛ መጥተው ትከሻቸውን ከአልጋው ሥር አስገቡ፤ ወደ በረንዳዎቹም ዞረው «እናንተ ትከሻ የላችሁም?» አሉ። ከፊሎቹ ሮጠው መጡ፣ ከፊሎቹ አቀረቀሩ። እርስዎ ከሻይ ቤቱ ወንበር ላይ ጋቢዎን አፍንጫዎ ላይ አደረጉ። እናቴ አልሸተተችም ነበር፣ ክቡር ሆይ። ሽታው ከሌላ ቦታ ነው።

ከለቅሶው በኋላ ተበትነን አልቀረንም። አዲስ ቅሬ አቁመናል፤ አዋቂ ሁሉ በስሙ ይጻፋል፣ የእያንዳንዱ እጅ ይቆጠራል፣ ዳኛው በምርጫ ይሾማል፣ ካጠፋም ይሻራል። ቃሬዛችንን አንዲት የቀጥቃጭ ሚስት ከባሏ ጋር ሠርታዋለች፤ ለማንም አይነፈግም።

ዘመንዎ ይርዘም፤ ከተቀመጡበት ወንበር ሳይነሡ፣ የሰው እጅ ሳይነካዎ፣ እንዳማሩ ይኑሩ እያልኩ፣ ከእግርዎ በታች ሳይሆን ከፊት ለፊትዎ ቆሜ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የሀሊሜ ልጅ ሰልዋ

ማስታወሻ፦ በአዲሱ ቅሬ በገዛ ስማቸው ከተጻፉት ሴቶች አንዷ ባለቤትዎ እመት ወይንሸት መሆናቸውን ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ቢሰሙ ይሻላል ብዬ ነው። እርስዎም ማመልከት ይችላሉ፤ ወንድነትዎ እንቅፋት አይሆንብዎትም። ብቻ አባል የሚገባው በድምፅ ብልጫ ነውና፣ እመት ወይንሸት ለእርስዎ እጃቸውን እንደማያወጡ ከወዲሁ ነግረውናል።