ባለ ስድስት ዓይኑን ያተረፈች ልጅ

ኒውዮርክ፣ ጁላይ 1961

ውድ ቬርና፣

እዚህ ሰማዩን ፎቅ ሸፍኖታል፤ እንደ ነብራስካችን ኮከብ አይታይም። የሌላ ዓለም ፍጡራን ግን የሚወለዱት እዚሁ ነው! በልጅነታችን እየተሻማን ያነበብናቸውን በሥዕል የሚተረኩ የኮሚክ መጽሔቶች የሚስሉትን ሚስተር ፕሩዊትን አገኘኋቸው። የመጣሁበትን ከተማ ስነግራቸው «ታዲያ ቬርና የምትባል ልጅ ታውቃለህ?» አሉኝ። ክው አልኩ። ከመሳቢያቸው በእርሳስ የጻፍሽላቸውን ደብዳቤ አወጡ፤ «ባለ ስድስት ዓይኑን የሌላ ዓለም ፍጡር እባክዎ አይግደሉት፤ ከዘሩ የቀረው እሱ ብቻ ነው» ይላል።

«ገድዬው ነበር እኮ» አሉኝ፤ «ይሄን ሳነብ የመጨረሻውን ገጽ ቀድጄ እንደገና ሳልኩት።»

ቬርና፣ በዘጠኝ ዓመትሽ አንድ ሙሉ ዘር አትርፈሻል! ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። ሚስተር ፕሩዊትም «ባለ ስድስት ዓይኑ አሁንም ደህና ነው በላት» ብለውኛል።

ክላይድ