ያልነበረው ፓምፕ

ሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 1976

ሌባ አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጂንካ ውስጥ መኪና ስጠግን አንዲት ብሎን ወደ ቤቴ ይዤ አልገባሁም። ዛሬ ሌባ ተባልኩ።

ሚሲዮኑ ጥሎት የሄደው አሮጌ የእንግሊዝ መኪና አሁን የመሥሪያ ቤታችን ንብረት ነው። ከአርባ ምንጭ ለንብረት ቆጠራ የመጣው ቴክኒሻን ኮፈኑን ከፍቶ፣ የውሃ ፓምፑ የት አለ አለኝ። የለውም አልኩት። «እሱማ አያለሁ። ለማን ሸጥከው?» ድሮም አልነበረውም ስለው ሳቀብኝ። መዝገቡ ላይ «ፓምፕ፦ ጎድሏል» ብሎ ጻፈ። ሐሙስ ውይይት ክበብ ቀርበህ ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ፤ ካላመንኩ ፖሊስ ጣቢያ ነው።

ማክሰኞ

ባለቤቴ አስቴር፣ አምነህ ይቅርታ ጠይቅና ይለፍ ትላለች። ሦስት ልጆች አሉን፣ ፍርሃቷ ይገባኛል። ግን ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ ተደብቀን የምንጸልይ ሰዎች ነን። ጴንጤ መሆኔ አልበቃ ብሎ ሌባ ልጨምርላቸው? አላደርገውም።

ቀኑን ሙሉ መኪናው ሥር ዋልኩ። ያየሁትን ልጻፍ፦

ሞተሩ ላይ ፓምፕ የሚታሰርበት ቦታ የለም፣ የብሎን ቀዳዳ እንኳ።
ራዲያተሩ ከሞተሩ ከፍ ብሎ ተቀምጧል።
ቱቦዎቹ ከልክ በላይ ወፍራም ናቸው።

መኪናውን የሠራው እንግሊዝ አስቦበታል። ውሃው ሞተሩ ውስጥ ሲግል በራሱ ወደ ራዲያተሩ አናት ይወጣል፤ እዚያ በርዶ ይወርድና በታች በኩል ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ድስት ሲፈላ ውሃው እንደሚገለባበጠው ነው። የሌለ ፓምፕ ደግሞ አይሰበርም።

ረቡዕ

ቴክኒሻኑን ጎትቼ ቀዳዳ የሌለውን ብረት አሳየሁት። በብየዳ ደፍነኸው ይሆናል አለ። ጉድ እኮ ነው። እንዲህ የሚበይድ ሰው ጂንካ ካለ እኔም ሄጄ ልማርበት።

ሐሙስ

ክበቡ ጢም ብሎ ነበር። ሊቀመንበሩ፣ ጓድ ግለ ሂስህን አቅርብ አለኝ። ተነሣሁና፣ ስህተቴ አንድ ነው፣ መኪናውን ሳላስነሳ አፌን መክፈቴ አልኩ። ሳቁ። ዳገቱን ወጥቼ እስከ ካኮ ከተማ ልንዳው፤ ፓምፕ ተወስዶበት ከሆነ ውሃው ይፈላል፣ ከፈላ በራሴ እግር ጣቢያ እገባለሁ አልኩ። 

ዓርብ

ቴክኒሻኑ ከጎኔ፣ ሊቀመንበሩ ከኋላ። የማስነሻውን ብረት፣ ማኒቬላውን፣ ሦስቴ ሳዞረው ሞተሩ ተነሳ። ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ስንወጣ ቴክኒሻኑ ዓይኑን ከራዲያተሩ ክዳን አልነቀለም። እኔም በልቤ እጸልይ ነበር።

ካኮ ገበያ ዳር አቁሜ ክዳኑን በጨርቅ ከፈትኩት። ይሞቃል፣ አይፈላም። ሊቀመንበሩ የላይኛውን ቱቦ ነክቶ እጁን ሰበሰበ። የታችኛውን ግን ያዘው፤ ያን ያህል አያቃጥልም። ታዲያ ውሃውን ማን ነው የሚያዞረው አለ። ሙቀቱ ራሱ አልኩት። 

ቅዳሜ

ቃለ ጉባኤ አመጡልኝ፦ «የጎደለው ፓምፕ ተመልሶ ስለተገኘ ጉዳዩ ተዘግቷል።» ቴክኒሻኑ ተሳሳትኩ ከሚል ይህን ይመርጣል። ሊቀመንበሩ ጠጋ ብሎ፣ ፈርምና እንገላገል አለኝ።

የመለሰ ሰው ወስዶ ነበር ማለት ነው። ብዕሩን ተቀብዬ ከሥሩ «ፓምፕ አልነበረም። አልወሰድኩም፣ አልመለስኩም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ማኅተሙን አልመታም። ሰኞ ይታያል አለ።

ለአስቴር ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ደግ አደረግህ አለችኝ፤ ከዚያ ጣቢያ ከወሰዱኝ እንድለብሰው ጋቢዬን ማጠብ ጀመረች።