ኩባያው ያልተመታ ዕለት

ውድ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ልጽፍልዎ ደጋግሜ ጀምሬ ነበር። ግን እያንዳንዱ መስመር ከሆስፒታል ለሚወጣ በሽተኛ የሚሰጥ ማሳሰቢያ እየመሰለ አስቸገረኝ። «ስለ ጤንነትዎ ሁኔታ ለመጠየቅ እወዳለሁ» ብዬ የምጽፈው ለእርስዎ ነው ወይስ ለፈተና አራሚ? ተውኩት። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ስጨቃጨቅ ሰምተውኝ፣ «በራስሽ ቋንቋ ስታወሪ ሌላ ሰው ትሆኛለሽ፤ ያቺኛዋን ባውቃት ደስ ይለኝ ነበር» ብለውኝ ነበር። እንግዲህ የምትጽፍልዎ ያቺኛዋ ናት። ማን ያነብልዎታል የሚለውን ገና አላሰብኩበትም። በስልክ እንግሊዝኛ እንድለማመድ ያገናኘን ድርጅት ገጽ ላይ «ለቀድሞ የንግግር አጋርዎ መልእክት ይተዉ» የሚል ቦታ አለ፤ ቋንቋ አይመርጥም።

«የቀድሞ» የሚለውን ማን እንደጻፈው አላውቅም። እኔ አልጻፍኩትም።

የመጀመሪያውን ቀን ያስታውሱታል? ሞባይል ጠጋኙ ወንድሜ ስልኬን በስኳር ጣሳ አስደግፎ፣ «በይ ፈታ በይ፣ ሴትዮዋ አትበላሽም» ብሎኝ ወጣ። በስክሪኑ ላይ እርስዎ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ኩባያዎ ከፊትዎ ነው። «በስሜ ጥሪኝ» አሉኝ። እናቴ ከጎኔ ሆና ሽንኩርት ትልጣለች። በእሷ ዕድሜ ያሉ ሴት በባዶ ስማቸው ስጠራ ብትሰማ ቢላውን ጥላ ነበር የምትነሣው። ስለዚህ እትዬ አልኩዎ። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ታላቅ እህት» አልኩ፤ ሳቁ። «ታናሽ እህት ኖራኝ አታውቅም» አሉኝ። ያን ጊዜ ይሄ የምር ነው ወይስ የልምምድ ወሬ ብዬ ለመጠየቅ አላሰብኩም። አሁን ግን ሁሉንም ወደኋላ እየሄድኩ እጠረጥራለሁ።

እርስዎ የሚያውቁትን መልሼ ልተርክልዎ ነው፣ አይሰልቹብኝ። የራሴ ሐሳብ መስመር እንዲይዝልኝ ብዬ ነው።

ድሬሲንግ ክፍል ነው የምሠራው። ቁስል አጥባለሁ፣ አሽጋለሁ፤ ከእኔ የሚፈለገው እጄ እንጂ አፌ አይደለም። በእንግሊዝኛ የሚያክም አዲስ ክሊኒክ ሊቀጥረኝ ፈልጎ የቃል ፈተና እለፊ አለኝ። ፈተናው ደግሞ እንደ ዕቃ ዕቃ ጨዋታ ነው፤ ፈታኟ ካርድ ይዛ በሽተኛ ትሆናለች፣ እኔ ነርስ እሆናለሁ። ነርስ ሆኜ ሳለሁ ነርስ መሆንን መለማመድ መጀመሪያውኑ ግራ ያጋባል። እርስዎ ግን ወደዱት። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ነዎትና፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላዬ ሲያወሩ የሰማኋቸውን ሰዎች ሁሉ አመጣልሻለሁ» አሉኝ።

አመጡልኝም። ኩባያውን በማንኪያ ኪን ሲያደርጉት ጨዋታው ይጀመራል፣ እንደገና ኪን ሲያደርጉት ያበቃል። በመካከሉ እትዬ የሚባል ሰው የለም። ስኳር የምተወው ስሞት ነው የሚል ሽማግሌ ይመጣል። ልጄን አላስከትብም ብላ የምትጮህ እናት ትመጣለች። እግሩ ተሰብሮ ኳስ መቼ እንደሚጫወት ብቻ የሚጠይቅ ጎረምሳም መጥቶ ያውቃል። ሆድዎን ይዘው ሲያቃስቱ እናቴ ሽንኩርቷን ታስቀምጣለች።

«ኧረ ሴትዮዋን ምን ነካት?»

«ጨዋታ ነው እማዬ።»

«እንዲህ ያለ ጨዋታ በአፍንጫዬ ይውጣ። ሟርት ነው።»

ከዚያ ኩባያው ይመታል፣ ሽማግሌውም ወደ መጣበት ይሄዳል። እርስዎ ሻይዎን ፉት ብለው «ርኅራኄሽ ጥሩ ነው፤ ግን ቸኮልሽ» ይሉኛል። እውነትዎን ነው፣ ሁልጊዜ እቸኩል ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ያን ዕለት ኩባያው ተመትቶ ነበር?

ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ምስልዎ ይደርቅ ነበር። ሲመለስ እያወሩ ደረስኩ። «ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር» አሉ። «ቆሽቴ ላይ የሆነ ነገር አይተዋል። ልታከመው ወይስ ልተወው እያልኩ ነው። ድመቷንስ ማን ይይዛታል?» ድምፅዎ የሽማግሌውም የጎረምሳውም አልነበረም፣ የራስዎ ነበር። እኔም በልቤ፣ ዛሬስ እትዬ ተራቀቁ፣ በራሳቸው ድምፅ መጡብኝ አልኩ። ወንበሬን አስተካክዬ ያጠናሁትን አንድም ሳላስቀር አወረድኩት። ይህን መስማት ከባድ መሆኑ ይገባኛል አልኩ። እስካሁን ምን እንደተነገረዎ ጠየቅኩ። ዝም ማለት ባለብኝ ቦታ ዝም አልኩ፣ ዝምታም ነጥብ አለውና። «ቤት ውስጥ የሚደግፍዎ ሰው አለ?» ስልዎ «የለም» አሉ። «የለም»ን ተቀብዬ ወደ ማጠቃለያው አለፍኩ።

ትንሽ አዩኝ። «እንዲህ አሳምረሽ ተናግረሽ አታውቂም» አሉኝ። «ስንት ሰጡኝ?» አልኩዎ እየሳቅኩ። «ሙሉ» አሉ፤ መስመሩም ተቋረጠ። መጨረሻ ላይ ኩባያው ሲመታ አልሰማሁም። መጀመሪያ ላይ ተመትቶ ከነበረም ምስሉ ደርቆ ሳለ ይሆናል፤ ወይም ጭራሽ አልተመታም።

በሚቀጥለው ቀጠሯችን አልመጡም። ከዚያ በኋላም አልመጡም። ድርጅቱ ሌላ አጋር ሰጠኝ፤ ወጣት ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ለሁሉም ነገር «በጣም አሪፍ» ይላል። ቁስል ሲመረቅዝ እንዴት እንደሚሸት ብነግረውም በጣም አሪፍ አለኝ። ስለ እርስዎ ድርጅቱን ስጠይቅ በትሕትና ጽፈው መለሱልኝ፦ የበጎ ፈቃደኞችን የግል ጉዳይ ለሌላ ሰው አንናገርም። ይህን እንኳ እረዳለሁ፤ እኛም በር ላይ ለሚጠይቅ ሁሉ የበሽተኛ ጉዳይ አንናገርም።

ቤታችን ለሁለት ተከፈለ።

«ስሚ፣ ጨዋታ ነው» ይላል ወንድሜ። «አንቺን ለፈተናው ሊያጠነክሩሽ ነው። በጎ ፈቃደኛ ደግሞ ሲሰለቸው ይጠፋል፤ ደመወዝ የለው፣ ምን ይይዘዋል?»

«ሌላ ቀን ስትታመም ሆዷን ነበር የምትይዘው» ትላለች እናቴ። «ያን ቀን የያዘችው የኩባያውን ጆሮ ነው። አልለቀቀችውም።»

«እማዬ፣ ሴትዮዋ የምትለው ሳይገባሽ?»

«አይቻለሁ አልኩህ እኮ። ደግሞ ሻይዋን አልጠጣችም።»

ጠዋት ወንድሜን አምናለሁ፣ ከሥራ ስመለስ እናቴን አምናለሁ። በመሐል ሥራ ላይ እያለሁ ማንን እንደማምን አላውቅም። በቀደም እጁ የተቃጠለ ግንበኛ፣ «ጣቴ ድሮ እንደነበረ ባይሆን ልጆቼን ምን አበላለሁ፣ ፈርቻለሁ» ሲለኝ፣ «ስጋትዎ ይገባኛል» ብዬ ጀመርኩለት። ቀና ብሎ አየኝና «ምነው ሲስተር፣ ነገርሽ እንደ ሬዲዮ ሆነ?» አለኝ። አፈርኩ። እንደ ሰው ማውራቱ የት እንደሄደብኝ እንጃ።

ፈተናውም ደረሰ። ፈታኟ መነጽር ያደረገች፣ ፊቷ የማይነበብ ሴት ናት። ካርዷን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ምርመራ ላይ የሆነ ነገር እንደተገኘባትና በጣም እንደፈራች ነገረችኝ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። «ይቅርታ፣ ይሄ እርስዎ ነዎት ወይስ ካርዱ?» ብዬ ጠየቅኳት። ከወረቀቷ ቀና አለች። እንደምትቆጣኝ ጠብቄ ነበር። «ካርዱ ነው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «ተመስገን» አልኩ፣ በራሳችን ቋንቋ። ከዚያ እንዴት እንደቀጠልኩ እኔም አላውቅም።

አለፍኩ እትዬ። እርስዎ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አስቤ ነው የተደሰትኩት፣ ከዚያ ደግሞ የት ሆነው ይሰማሉ ብዬ ደስታዬን ተውኩት። ወንድሜ «አላልኩሽም? ሴትዮዋ አሠልጥናሽ ሄደች» አለ። ልስማማለት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ግን ድመቷ አለች። ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ በስክሪኑ ታልፍ ነበር፤ አንድ ጊዜም ኩባያውን ልትገለብጥብዎ ነበር። ሽማግሌው ውሻ ነበረው፣ ጎረምሳው ኳሱን ያነሣ ነበር፣ ያቺ ቁጡ እናት ስለ አማቷ ትለፈልፍ ነበር። ካመጡልኝ በሽተኞች ሁሉ ድመት የነበረው ማንም የለም። ድመት ያለችው እርስዎ ቤት ነው።

ይህን ካሰብኩ ጀምሮ ተቀምጬ አልረጋም። ጨዋታ ከሆነ ይሳቁብኝ፤ እስከ ዛሬ እንዲህ ሞኝ ተማሪ አልገጠመኝም ይበሉ፣ እኔም አብሬዎ እስቃለሁ። የምር ከሆነ ግን ያን ቀን ማለት የነበረብኝን አሁን ልበለው። እግዜር ይማርዎ እትዬ። የሚደግፍዎ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠይቄ «የለም» ሲሉኝ፣ አለሁልዎ ማለት ነበረብኝ። ለዚህ እንግሊዝኛውን ፈልጌ አጣሁት፤ ያ ወጣት ልጅም ሊያገኝልኝ አልቻለም። በጣም አዘንኩ፣ ሳዝንም ለማን እንደማዝን በደንብ አላውቅም።

ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት፦ ኩባያው ካልተመታ አላበቃም። ስለዚህ እኔ ገና ነርስ ነኝ፣ እርስዎም ገና በሽተኛዬ ነዎት። በቀጠሯችን ሰዓት ስልኩን በስኳር ጣሳው አስደግፌ እቀመጣለሁ። እናቴ «ዛሬስ ሴትዮዋ?» ትልና ሽንኩርቷን ይዛ ከጎኔ ትሆናለች። በመጡ ጊዜ ሰላምታ አያስፈልግም፤ ካቆሙበት ይቀጥሉ፣ እኔ እሰማለሁ። አልቸኩልም።

ተረኛ ነርስዎ