በልደትሽ ዓመት የተቀበረው ጋን

መካነ ሰላም
ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለሐረግ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሐዋሳ እንዴት ይዞሻል? እኔ በጤናዬ አለሁ። የስልክ መስመሩ ከተቋረጠ ሰንብቷል። ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን የፈይዛ ባል ፋሩቅ ደሴ ድረስ ይይዝልኛል፤ ከዚያ በሰው ይልክልሻል።

ሳልደባብቅ ልንገርሽ። አባትሽን ሐሙስ ዕለት ወሰዱት። እስካሁን አልተመለሰም። ማን እንደወሰደው በወረቀት ላይ አልጽፍልሽም፤ መሣሪያ የያዙ ናቸው፣ ይኸው ይበቃሻል። ደንግጠሽ ብድግ ብለሽ እንዳትመጪ! መጀመሪያ ጨርሰሽ አንብቢ።

ነገሩ የጀመረው "የሙሽራው አባት ልጃቸው በተወለደበት ዓመት የተጠመቀ የፈረንጅ ወይን አፈላልገው አገኙ፣ በሠርጉ ቀን ይከፈታል" ብለሽ የደወልሽ ዕለት ነው። አንቺም አላስችል ብሎሽ "የእኔም አለ፤ አባቴ ቀብሮልኛል" ብለሻቸው ኖሯል። አባትሽ ይህን ሲሰማ የሚሆነውን አጣ። መቼም የአባቱን ቤት ልማድ ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሲወለድ በዚያ ዓመት ማር ጠጅ ይጣልና በጋን ይቀበራል፤ የሚወጣው ለልጁ ሠርግ ነው።

"የፈረንጁም ወይን ጥሩ ዓመትና ክፉ ዓመት አለው አሉ! የሰማንያ ስምንት ማር እኮ ወደር አልነበረውም። ዝናቡ በጊዜው ወጣ፣ አበባው እስከ ጥቅምት ቆየ" እያለ ቤቱን ዞረው። እኔ ደግሞ "ይህን ሁሉ ዘመን አፈር ውስጥ የከረመ ጠጅ ኮምጣጤ ሆኖ ቢገኝስ? በአማቶቿ ፊት ልታዋርዳት ነው?" አልኩት። ዋናው ፍርሃቴ ግን እሱ አልነበረም።

እዚህ ሰው መሬት መቆፈር ትቷል። የታችኛው ሰፈር ደሳለው የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፍር "መሣሪያ ሊቀብር ነው" ተብሎ ተወሰደ፤ ከተመለሰ ወዲህ ቀኝ እጁ ወደ ላይ አይነሳለትም። አሁን ጎመን የሚኮተኩት እንኳ ግራ ቀኙን አይቶ ነው። አባትሽ ደግሞ የቀበረበትን ቦታ በትክክል አያስታውሰውም። ከኮኩ ዛፍ ሥር ነው ይላል፤ ዛፉ ግን ደርቆ ከተቆረጠ ቆየ። በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛ እያየው፣ መሬቱን በብረት ዘንግ እየወጋ ጓሮውን አካለለው። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። "የራሴን ጠጅ ከራሴ ጓሮ ባወጣ ማን ምን ይለኛል?" አለኝ። ግትርነቱን ታውቂዋለሽ፤ ግማሹን ላንቺም አውርሶሻል።

ሐሙስ ጠዋት ዶማው መሬት ሲመታ ሰማሁ። ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ፈይዛ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ አየችንና ወዲያው ገባት። "ብርሀንነሽ፣ ተደብቆ የቆፈረ ነው የሚጠረጠር፤ ጩኺ እንጂ!" አለችኝ። ከዚያ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "እሰይ አያ አምላኩ! የሐረግን የሠርግ ጠጅ ልታወጣ ነው? ለወግ ለማዕረግ ያብቃት!" አለች። ጎረቤቱን ጠራች፤ ሴቶቹ መጡ፤ እልልታው ቀለጠ። እኔም እልል አልኩ። ሐረግዬ፣ ሰው እየፈራ እልል ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ? አፌ እልል ይላል፣ ዓይኔ ከመንገዱ አይነቀልም።

ጋኑ ወጣ። በጭቃና በእበት የታሸገው አፉ እንዳለ ነው። ገና አፈሩን ስንጠርግ መሣሪያ የያዙት ሰዎች መጡ፤ የጠራቸው እልልታችን ነው። አለቃቸው ባንቺ ዕድሜ ቢሆን ነው።

"አባት፣ ምንድን ነው ያወጡት?" አለ።

"ጠጅ ነው። የልጄ የሠርግ ጠጅ።"

"ይክፈቱት።"

ከፈተው። ቀጂ ቀድሞ ይቀምስ የለ? አባትሽም እንደ ደንቡ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። አንገቱን ደፋ። ኮምጥጧል፣ አልኩ በልቤ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ብርሀንነሽ፣ ነይ ቅመሺ" አለኝ፣ ሰዎቹ እንደሌሉ ሁሉ። ቀመስኩ። ጣፋጭነቱ ሄዷል፤ የደረቀ ኮክ ይሸታል፤ ጉሮሮን ሳይከረክር ወርዶ ደረትን ያሞቃል። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጠጅ ቀምሼ አላውቅም። ከማንም ወይን ጎን ብታቀርቢው ባላሳፈረሽ ነበር።

ለአለቃቸውም በብርሌ ቀዳለት። ጨልጦ ጠጣና "ጥሩ ነው" አለ። እፎይ ልል ስል አንቱታውን ተወና፣ "ይህን ያህል ዘመን ደብቀህ ያቆየህ ሰው፣ ሌላስ ምን ቀብረሃል?" አለው።

አባትሽ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ለጥያቄ ነው ብለው ይዘውት ሄዱ፤ ጋኑንም ወሰዱት። የቀሩት እስኪመሽ ጓሮውን ሲቆፍሩ ዋሉ፤ ከድንጋይ በቀር ያገኙት የለም።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፤ ደረሰብኝ። በር ሲንኳኳ እፈራለሁ፣ ሳይንኳኳ ሲውል ደግሞ ይብሳል። ዓርብና ቅዳሜ ከፈይዛ ጋር ሆነን ምግብ አደረስንለት፤ ሳህኑ ባዶውን ተመለሰልን። እየበላ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ዘቡ ሳህኑን ሳይቀበለኝ፣ ዓይኔንም ሳያይ፣ "እማማ፣ ከእንግዲህ አያምጡ" አለኝ። ሊፈቱት ነው ማለት ነው። ሌላ ምን ማለት ሊሆን ይችላል? ፈይዛን ጠየቅኳት። "አብሽሪ" አለችኝ፤ እስከ ቤት ድረስ ግን ፊቷን አላሳየችኝም። እኔ ውሃ አሙቄያለሁ፤ ሲመጣ እግሩን ይታጠባል።

ሠርጉን እንዳታራዝሚ። እንዳትመጪም፤ መንገዱ ለአንቺ አይሆንም። አማቶችሽ አባትሽ የት ቀሩ ካሉሽ መንገድ ተዘጋባቸው በያቸው፤ ውሸት አይደለም። ያንን ወይን ሲከፍቱም ኩራትሽን ትተሽ ከባልሽ ጋር ተጎንጪ።

ከዚህ በታች ለአባትሽ ምርቃት ቦታ ትቼለት ነበር፤ መጥቶ በእጁ ይጽፍልሻል ብዬ። ፋሩቅ ግን መኪናው ሊነሳ ነው ብሎ በር ላይ ቆሟል። ስለዚህ እኔው ልመርቅሽ፦ እመቤቴ ከክፉ ዓይን ትሰውርሽ፤ ትዳርሽ የአብርሃም የሣራ ይሁን፤ ውለጂ ክበጂ፤ ልጆችሽ አባታቸውን ጠግበው ይዩ።

እናትሽ ብርሀንነሽ