ደም ይመሰክራል

አንቺ ሳቂታ፣ እንደምን ከረምሽ?

ካርዷ ጠባብ ናትና አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ለሥልጠና በመጣሁበት ሆስፒታል አንዲት ልብስ ሰፊ ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ ተገኘባት። በማሽን የተነሳው የጭንቅላቷ ፎቶ ላይ ጭምት፣ የማይዛመት ዓይነት ስለመሰለ ሐኪሞቹ ተሰብስበው ሦስት ወር ሊጠብቁ ተስማሙ። የላብራቶሪ አለቃዬ ግን የደም ውጤቷን ይዛ ገባችባቸው።

«የነጭ የደም ሴሎቿ ሚዛን ተዛብቷል፤ ሰውነቷ ተቆጥቷል። ኢንፌክሽን እንደሌለባት አጣርቻለሁ። ዕጢውን ባትንቁት ይሻላል» አለች።

«ደም ብቻውን አይፈርድም» አላት ቀዶ ሐኪሙ።

«አይፈርድም፤ ግን ይመሰክራል።»

ሰውየው ፎቶውን እንደገና ሲያይ ቆየና በሳምንቱ ኦፕራሲዮን አደረጋት። ዕጢው እውነትም ክፉው ዓይነት ነበር፤ ሳይንሰራፋ ስለደረሰበት ግን ነቅሎ አወጣው። ዛሬ ጠዋት ሳያት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባ ነበር።

እኔና አንቺም እኮ እዚያ ላብራቶሪያችን ይህንኑ ምርመራ በየቀኑ እንሠራለን፤ ቁጥሩን ጽፈን በመስኮት ከማቀበል በቀር አፍ አውጥተን አናውቅም። ስመለስ ዝምታው ይበቃናል።

ቦታ አለቀብኝ! የእማማን ጉልበት፣ የመንትዮቹን ጉንጭ ሳሚልኝ። እዚያ ላለው ቀዶ ሐኪማችንም ሰላምታዬን አድርሺና የሐኪሞቹ ስብሰባ ላይ ለእኔና ለአንቺ ሁለት ወንበር ይጨምርልን በይው።