አባትሽ ዳኛ ፊት የቆመ ዕለት

ልጄ ዮሳቤጥ፣ የሰማይ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ፤ የኖርዌይን ብርድም ያቅልልሽ። ካፖርትሽን ሳትለብሺ እንዳትወጪ። እኛ እዚሁ ሳጃና ሰፈር ደኅና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ ነው ያስቸገረን።

ባለፈው አባትሽን የባሕሪ ድልድይ ላይ ሙሩር የሚሉት የትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ፣ «አምጃድ ታክሲህን ከልክ በላይ አፍጥነሃል» ብሎ ቀጣው። «ከፍለህ ተገላገል፤ በሰው አገር ምን ክርክር ያስፈልጋል?» አልኩት። ከተሰደድን ጀምሮ ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ የሚቀይረው ሰው፣ «ያላጠፋሁትን አላምንም» ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። እኔም ተከተልኩት።

በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛው፣ «ሙላና፣ ክቡር ዳኛ፣ የፈጠነው እኔን አልፎ የሄደው ሌላ ነጭ አምጃድ ነው» አለ። ዳኛው ወደ ፖሊሱ ዞሮ፣ «እርግጠኛ ነህ?» ሲለው፣ ፖሊሱ አባትሽን ትክ ብሎ አየና፣ «ሁለቱም ነጭ ነበሩ፤ እሱ ነው ብዬ መማል አልችልም» አለ። ቅጣቱ ተሰረዘ።

ስንመለስ አባትሽ መሪውን ይዞ ያንጎራጉር ነበር። እዚህ አገር ከገባን ወዲህ ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም።

አንቺም እዚያ ያላጠፋሽውን ዝም ብለሽ አትቀበዪ፤ ብቻ በእርጋታ ተናገሪ። ስትደውዪ እሱ ራሱ ሊነግርሽ ጓጉቷልና፣ አደራ፣ ምንም እንዳልሰማሽ ሆነሽ አዳምጪው። ኢንሻላህ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

እናትሽ አረጋሽ