ፈቃዷ የሚሠራው ወንዙ ድረስ

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 3
ድልድዩን ተሻግሬ ዌስት ቨርጂኒያ ገባሁ። እንደ ወትሮው ወንዙ ዳር መኪናዬን አቁሜ የማርሊስን ስልክ ጠበቅሁ። የሐዘን አማካሪዬ ናት። ባለቤቴ ኦርቪል ከሞተ ወዲህ በየሳምንቱ እናወራለን። ቢሮዋ ሩቅ ነው፣ ተራራው ውስጥ። የሙያ ፈቃዷ የሚሠራው ዌስት ቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ውስጥ ላለ ሰው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ባሌን እዚያው ማዶ ቀብሬ፣ ከወንዙ ወዲህ፣ ኦሃዮ፣ የሟች እህቴ ቤት ገብቻለሁ። ስለዚህ ለማልቀስ ድንበር እሻገራለሁ። ይገርማል... ግን ደንብ ደንብ ነው። ዕድሜ ልኬን ልጆች ሳስተምር የኖርኩት ይህንኑ አይደል?

ሁልጊዜ በሁለት ጥያቄ ትጀምራለች። ግዴታዋ ነው።
"አሁን የት ነዎት? አብሮዎት ሰው አለ?"
"ዌስት ቨርጂኒያ፣ መኪናዬ ውስጥ። ብቻዬን።"
ስለ እንቅልፍ ማጣቴ አወራን። ለኦሃዮ ፈቃድም አመልክታለች፤ ፈቃድ ሰጪው ቦርድ ገና አልመለሰላትም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10
ጭጋግ። ወንዙ አይታይም።
ብቻዬን ነኝ አልኳት። ትንሽ አዳምጣ፣ "ሚስስ ሃዲክስ፣ ሰውዬው ለጊዜው ቢወርዱልን ጥሩ ነበር።"
"የቱ ሰውዬ?"
"ጉሮሯቸውን የሚጠርጉት።"
ዞሬ አየሁ። ባዶ ወንበር። የመስመር ችግር ይሆናል አልኳት።
ኦርቪል ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠርግ እንደነበር ነግሬያት አላውቅም፤ ዛሬም አልነገርኳትም። ለምን?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 11
ነገር ሳይፈትሹ መደምደም አልወድም። በዚያው ስልክ፣ ከቤት ሆኜ፣ ለእህቴ ልጅ ደወልኩ።
"ከአጠገቤ የሚሰማሽ ነገር አለ?"
"አክስቴ፣ ድመት አመጣሽ እንዴ?" ሳቀች።
ምንም አልሰማችም። ስለዚህ ስልኩ አይደለም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17
ዛሬ ማርሊስ ቃል ሰማች። መንገር አልፈለገችም፤ ለመንኳት።
"'ሎሪ፣ ትንሽ ወደዚህ' ይላሉ።"
እሷ የምታውቀኝ ሎሬታ ብላ ነው። ሎሪ የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር።
እሷ ትሰማዋለች። እኔ አልሰማውም። አብሬው የኖርኩት እኔ! መሪውን ይዤ ቀናሁባት።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 21
ድልድዩ ለጥገና ተዘጋ። ሌላው ድልድይ በአውራ ጎዳና ነው፤ ዓይኔ አይችለውም። ለማርሊስ ነገርኳት።
"ቦርዱ እስኪመልስልኝ እንጠብቅ" አለች።
"ቤቴ ሆኜ ማዶ ነኝ ብልሽስ?"
"ፈቃዴን ይነጥቁኛል። እሱስ ይሁን... የት እንዳሉ የምጠይቀው እኮ፣ አንድ ነገር ቢሆኑ ሰው የት እንደምልክ ለማወቅ ነው።"
አፈርኩ። ተማሪ እንዲህ ቢለኝ ጥግ ነበር የማቆመው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 23
ኦርቪል የመሬት ቀያሽ ነበር። የዚህ አገር ሰው ሁሉ ድንበሩ የወንዙ መሃል ይመስለዋል፤ እሱ በዚህ ይስቅ ነበር። ወንዙ በሙሉ የዌስት ቨርጂኒያ ነው። ድንበሩ በእኛው በኦሃዮ በኩል፣ የድሮው ዳርቻ ላይ ነው። ግድቡ ከተሠራ ወዲህ ያ ዳርቻ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ከቤቴ በታች ውሃው ላይ ብቆም ዌስት ቨርጂኒያ ነኝ ማለት ነው... መዋሸት ሳያስፈልገኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24
ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።
ከምሳ በኋላ ወደ ጎረቤቴ ወደ ክሊት የጀልባ ማሰሪያ፣ ውሃው ላይ ወደተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ ወረድኩ። የእንጨቱ ጫፍ ላይ ቆሜ ደወልኩላት።
"የት ነዎት?"
"ወንዙ ላይ። ዌስት ቨርጂኒያ።"
"ሰው አለ?"
"አንቺ ንገሪኝ።"
አዳምጣ በቀጭን ድምፅ፣ "'ገና ነሽ፣ ሎሪ' ይላሉ... 'ትንሽ ወደዚህ።'"
ወደ ውሃው የሚያወርደውን መሰላል ወረድኩ። ውሃው ጉልበቴ ደረሰ። ቀጥሎ ወገቤ። ብርዱ አልተሰማኝም። ያኔ ነው የሰማሁት፤ በስልክ አይደለም፣ በጆሮዬ። ጉሮሮ ሲጠረግ። ከፊቴ፣ ከውሃው ላይ፣ ሰው በሌለበት።
"ሚስስ ሃዲክስ! አሁን የት ነዎት?"
መዋሸት እችል ነበር። ጥያቄ ሲጠየቅ ግን ትክክለኛውን መመለስ ለምዶብኛል። "ወገቤ ድረስ ውሃ ውስጥ። የክሊት ጀልባ ማሰሪያ ስር" አልኳት።
በሌላ ስልክ ሰው ጠራች። ክሊት የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ ጥሪው እሱው ጋ ደረሰ። ልብሱን ሳያወልቅ ገብቶ ክንዴን ያዘኝ።
"ቲቸር፣ በዚህ ብርድ ጥምቀት ነው እንዴ?" ይቀልዳል፣ ጥርሱ ግን ይንቀጫቀጫል። "ስምንተኛ ክፍል ወንዝ ገባህ ብለው ወላጅ ያስጠሩኝ እርስዎ አልነበሩም?"
"ዝም ብለህ ጎትት፣ ክሊት።"
ወደ ኋላ ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 25
ሆስፒታል። ማርሊስ ደወለች። "ምስጢርዎን ለሰው አውጥቻለሁ። ሕይወት ሲያሰጋ ደንቡ ያስገድደኛል።"
"ጥሩ ደንብ ነው።"
"የሰማሁትን መንገሬ ግን ስህተት ነበር። ከእንግዲህ ቢለምኑኝም አልነግርዎትም።"

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14
የኦሃዮ ፈቃዷ መጣ። ወጥ ቤቴ ቁጭ ብዬ አወራኋት።
"የት ነዎት? ሰው አለ?"
"ቤቴ። ማንም የለም።"
ወዲያው ቀጠለች። ዝም ብላ አላዳመጠችም። እኔም አልጠየቅኳትም። ኦርቪል ሞቷል አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። አለቀስኩ፣ ሳልሻገር።

ድልድዩ ትናንት ተከፍቷል። መኪናዬን ለክሊት ሰጥቼዋለሁ፤ ደጄ ላይ ከቆመ እሻገራለሁ ብዬ ስለፈራሁ። ከሰዓት በኋላ ከማዶ ደወለልኝ።
"ቲቸር፣ ይቺ መኪና ምን ነክቷታል? ከጎኔ ላለው ወንበር ቀበቶ እሰር እያለች ትጮሃለች። ወንበሩ ላይ ዕቃ እንኳ የለም!"
"ድልድዩን ወደዚህ ተሻገር፤ ጩኸቱ ይቆማል።"
መጣ። ደጄ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። "ልክ ስሻገር ቆመ። እንዴት አወቁ? መኪናውን ልመልስልዎት እንዴ?"
"አይ፣ ያንተ ነው" አልኩት። "ማዶ ሰው ካሳፈርክ ግን ከኋላ አስቀምጥ።"